የዶክ ዋትሰን እጆች ጊታር ብቻ አልያዙም

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ኬኒ ሮጀርስንና ዶሊ ፓርተንን በካሴት እየሰማን ያደግን የካንትሪ ሙዚቃ ወዳጆች በአገራችን ብዙ ነን። አሜሪካዊውን ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ዶክ ዋትሰንን ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ እኔም ለኤሌክትሪክ ሥራ ወደ ሰሜን ካሮላይና ባልመጣ ኖሮ ስሙን ባልሰማሁ ነበር። ስለ እርሱ ሲወሳ በአብዛኛው የሚቀድመው ሽልማቱ ነው፦ ሰባት ግራሚ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት፣ በ1997 የአሜሪካ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሜዳሊያ፣ በ2004 የዕድሜ ልክ ግራሚ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኔ እንዲታወስልኝ የምፈልገው ሌላው ሥራው ነው።

ትክክለኛ ስሙ አርተል ዋትሰን ሲሆን፣ ማርች 3 ቀን 1923 ዲፕ ጋፕ በምትባል ተራራማ የገጠር መንደር ተወለደ። ዓመት ሳይሞላው በያዘው የዓይን ሕመም ብርሃኑን አጣ። በቤተ ክርስቲያን መዝሙር የሚመራው ገበሬ አባቱ፣ ልጁ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ እኛ ማሲንቆን በፍየል ቆዳ እንደምንለብጠው ሁሉ፣ የድመት ቆዳ ወጥሮ ባንጆ የሚባለውን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ሠራለት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ልጁ በተዋሰው ጊታር ሲነካካ ሰማውና፣ ከሥራ እስክመለስ አንድ ዘፈን ከተጫወትክልኝ የራስህን እገዛልሃለሁ ብሎት ወጣ። ማታ ሲመለስ ዘፈኑ ደርሶ ጠበቀው፤ አባትም ቃሉን ጠብቆ በ12 ዶላር ጊታር ገዛለት። ዶክ ከዚያ ወዲያ ከራዲዮና ከሸክላ እየሰማ፣ ከሰውም እየቃረመ፣ ራሱን በራሱ አስተማረ።

ከጊታሩ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን መጋዙ ነው። ዶክ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው አባቱ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚስበውን ትልቅ መጋዝ አንዱን ጫፍ አስይዞት ግንድ መቁረጥ አስጀመረው። ማየት የተሳነው ሰው አቅመ ቢስ አለመሆኑን ያወቀው በዚያ መጋዝ መሆኑን ዶክ ካደገ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። ብዙም ሳይቆይ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በእርሻቸው ዳር የደረቁ ዛፎችን ቆርጦ ለቆዳ ፋብሪካ ሸጠ፤ ባገኘውም ገንዘብ ሌላ ጊታር አስመጣ።

አግብቶ ልጆች ከወለደ በኋላ ቤተሰቡን ያስተዳደረው ፒያኖ እየቃኘ፣ ማታ ማታ ደግሞ በዳንስ ባንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር እየተጫወተ ነበር። ባንዱ ቫዮሊን ተጫዋች ስላልነበረው ለዳንሱ የሚያስፈልገውን የቫዮሊን ዜማ እርሱ በጊታር አወጣው፤ በኋላ የዓለም ጊታር ተጫዋቾች ከሥሩ ቁጭ ብለው የተማሩት ፈጣን የጊታር አጨዋወት የተወለደው ከዚህ ችግር ነው። ሰፊው ሕዝብ ያወቀው ወደ አርባ ዓመቱ ሲጠጋ ነበር።

የቤቱን የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋውም ራሱ ነው። ይህን ስሰማ፣ ይህንኑ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁ ሰው በመሆኔ፣ ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም። በዚህ አገር ሽቦ የሚለየው በቀለም ነው፤ ጥቁሩ ፌዝ (ኃይል የሚያመጣው)፣ ነጩ ኒውትራል (የሚመልሰው) ነው፣ ለጣት ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ጨለማ ጣሪያ ሥር ገብቶ አንዱን ከሌላው ሳያደባልቅ ከቆጣሪው እስከ ማብሪያ ማጥፊያው ለማድረስ፣ ከዚያም ልባሱን ልጦ መዳቡን አጥብቆ ለማሰር ምን ያህል ትዕግሥትና ምን ያህል የሰላ ጣት እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ሽቦ ይዞ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ ይህን ከዜማው ለይቼ ማየት አልችልም፤ የጊታሩን ክር የሚያገኘው ጣት ሽቦውንም ያገኘው ያው ጣት ነው።

በ1985 አብሮት ይጫወት የነበረው ልጁ መርል በትራክተር አደጋ ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ግዛት፣ በዊልክስቦሮ ከተማ፣ በመርል ስም የሙዚቃ ፌስቲቫል ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ዝግጅት ገንዘብ ያሰባሰበው ማየት የተሳናቸው ሰዎች በማሽተትና በመዳሰስ የሚደሰቱበት የአትክልት ቦታ ለማልማት ነበር። ዶክ ራሱ ሜይ 29 ቀን 2012፣ በ89 ዓመቱ አረፈ።

ባለፈው ዓመት ሁለት ሰዓት ያህል ነድቼ ቡን ወደምትባለው ከተማ ሄጄ ነበር። በወጣትነቱ ሳንቲም እየተጣለለት ይጫወትበት በነበረው መንገድ ዳር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ጊታሩን እንደያዘ የነሐስ ሐውልቱ ተቀምጧል፤ በራሱ ጥያቄ የተጻፈበትም ከሕዝቡ አንዱ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ቃል ብቻ ነው። ከጎኑ ተቀምጬ ያሰብኩት ኩፍኝ ዓይኑን ያጠፋበትን ታናሽ ወንድሜን ነው። እናታችን ከፍቅሯ ብዛት መጥረቢያ ቀርቶ ቢላ አታስነካውም ነበር፤ እኛም እህል ውኃውን አቅርበን፣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እንዲሞቅ አስቀምጠን፣ የሚገባውን ያደረግንለት ይመስለን ነበር። አሁን አርባ ሁለት ዓመቱ ነው።

ማታ ስልክ ደውዬ ስለ ዶክ አጫወትኩት። ዘፈኑን አሰማኝ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ «ጥቁሩን ከነጩ በምን ለየው?» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እኔ ብሆን በአንደኛው ጫፍ ክር አስርበት ነበር» አለ። ለጥር ወደ አገር ቤት ስመጣ ፒንሳና የሽቦ መላጫ እይዝለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከሻርሎት፣ ሰሜን ካሮላይና