ጠብታው ይታያል፣ ሽቦው አይታይም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የቤት ጥገናን በራስ እጅ መሥራት ወጪ እንደሚቀንስ የሚገልጸውን ጽሑፋችሁን አንብቤዋለሁ። አብዛኛው ትክክል ነው። ነገር ግን ቀላል የሚመስለውን ሥራ ሁሉ ራሳችን እንድንሠራ የሚመክረው ክፍል አሳስቦኛል። እኔ በዚህ አስተሳሰብ ልጄን ላጣ ነበር።

የሚያንጠባጥብ ቧንቧ መጠገን ያስተማረኝ አባቴ ነው። ውኃውን ከዋናው መዝጊያ ዘግቶ፣ ጭንቅላቱን በቁልፍ ፈትቶ፣ ያለቀችውን ክብ ጎማ በአዲስ መተካት ነው። አንድ ጊዜ በሰከንድ አንድ ጠብታ ከሚጥል ቧንቧ ሥር የሊትር ዕቃ አስቀምጬ ሰዓት ያዝኩ፤ በሰዓት ከሩብ ገደማ ሞላ። በቀን ወደ 20 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ባለሙያ ቀጠሮ ይዞ እስኪመጣ መጠበቅ ብክነት ነው። ባበላሸውም ውኃው ራሱ ወዲያው ይነግረኛል።

ያ ድፍረት ግን ወደ ኤሌክትሪክ ወሰደኝ። መኝታ ቤት አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ ለመትከል ወደ አምፖሉ ከሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች አንዱን ቆርጬ በማብሪያው በኩል አሳለፍኩት። ስጫነው በራ፤ ደግሜ ስጫነው ጠፋ። ሥራው አለቀ ብዬ ካቻቢቴዬን መለስኩ።

ከወራት በኋላ ልጄ የተቃጠለውን አምፖል ሊቀይር የብረት መሰላል ላይ ወጣ። ማብሪያውን አጥፍቶ ነበር። ጣቱ የመያዣውን ብረት ሲነካ ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ። እጁ ተሰብሮ ነፍሱ ተረፈች።

የጠራሁት ባለሙያ ቴስተሩን አስነክቶ በትዕግሥት አስረዳኝ። መቁረጥ የነበረብኝ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውን ሽቦ ነበር፤ እኔ ግን የቆረጥኩት የመመለሻውን ነው። «እትዬ፣ መብራቱ ይጠፋል እንጂ መያዣው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ አለበት» አለኝ። ብሬከሩ ለምን እንዳልቆረጠ ጠየቅሁት። የ10 አምፔር ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። አንድ የ60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ሲበራ 270 ሚሊ አምፔር ያህል ይስባል፤ ሰውን ከንዝረት እንዲያድን የሚገጠመው መሣሪያ ግን 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲያፈተልክ እንዲያቋርጥ ነው የሚሠራው። ሰው ለመግደል አምፖሉ ከሚወስደው እጅግ ያነሰ ይበቃል። በቤቴ ያ መሣሪያ አልነበረም፤ አሁን አለ።

ከዚያ ወዲህ የማመዛዝነው ሥራው ይከብዳል ወይ ብዬ አይደለም። ብሳሳት ስህተቴ ይታየኛል ወይ እላለሁ። ቀለም መቀባት፣ የበር ማጠፊያ ማጥበቅ፣ የታፈነ የመታጠቢያ ፍሳሽ መክፈት የእኔ ናቸው። የኤሌክትሪክ መስመር፣ የጋዝ ቱቦ፣ ጣሪያ የተሸከመ ግድግዳ የባለሙያ ናቸው። ጋዝ በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በዓይን የሚያረጋግጠው ሰው የለም።

ባለሙያ መጥራት ብቻውን ግን አይበቃም። ሌላ ጊዜ የቀጠርኩት ሠራተኛ በግድግዳ ውስጥ የቀበረውን ቱቦ ሳይፈትን በሴራሚክ ሸፈነው። እኔም አጠገቡ አልቆምኩም። ከወራት በኋላ ግድግዳው ረጠበ፤ መጋጠሚያውን ለማግኘት ሴራሚኩን በሙሉ ማስነሳት ግድ ሆነ። አሁን ከመሸፈኑ በፊት ውኃ ተሞልቶ፣ ግፊቱን ይዞ እንዲያድር እጠይቃለሁ፤ በስልኬም ፎቶ አነሳዋለሁ። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ሠራተኛ ሥራዬን አይሠራም።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ ቢያንስ ይህን እንድታትሙልን እለምናለሁ፦ አምፖል ሲቀየር እንኳ ማብሪያውን ማጥፋት እንደማይበቃ፣ ከቆጣሪው አጠገብ ያለው ብሬከር መውረድ እንዳለበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አንባቢያችሁ