አገዳውስ?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

በፈረንጆቹ 2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ እንደሚካሄድ ከተነገረ ወዲህ ስለ አየር ንብረት የማይጽፍ የለም። ይጻፍ፣ ጥሩ ነው። ግን የማነበው ሁሉ ስለ ስብሰባ፣ ስለ ብድርና እርዳታ፣ ስለ ችግኝ ቁጥር ነው። ቆላ ያለው ገበሬ ዘንድሮ ምን ልዝራ ብሎ እንዴት እንደሚወስን የጻፈ አላጋጠመኝም። የሰሜን ወሎ፣ የራያ ቆቦ ልጅ ነኝና እስቲ ትንሽ ልበል።

የኛ አገር ማሽላ፣ እነ ደጋለት፣ እነ ጅጉርቲ፣ ሚያዝያ አካባቢ በበልግ ዝናብ ተዘርቶ የሚደርሰው ኅዳር ገደማ ነው። በልጉ ከጣለ እሰየው። ከቀረ ወይም ከዘገየ ግን ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ሐምሌ ላይ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። ለዚህ ሥልጠና የሰጠው የለም።

«ገበሬው የተሻሻለ ዘር አይቀበልም» እያሉ የሚያሙትን ስሰማ ይገርመኛል። ቶሎ የሚደርሰው የተሻሻለ ማሽላ አብዛኛውን ጊዜ ቁመቱ አጭር ነው። አገዳውስ? አገዳው የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥር ነው፣ የቤት ክዳን ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላው እህል ሳይደርስ እሱ ብቻውን ቀድሞ ሲያፈራ የአገሩ ወፍ ሁሉ እዚያው ይሰፍራል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። ማሳውን ከፍሎ ሁለቱንም የሚዘራ ሰው ሂሳቡ ገብቶት ነው።

ጎርፉም እንደዚያው ነው። ሜዳው ላይ ጠብ ሳይል ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፍ ይወርዳል። ገበሬው በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ጠልፎ ማሳው ውስጥ ያስገባዋል። ኃይለኛ ጎርፍ ሲመጣ መጥለፊያው ይፈርሳል፣ ሰዉ ተጠራርቶ እንደገና ይሠራዋል። ለሩቅ ተመልካች ኋላ ቀር ይመስላል። በራያ ሸለቆ በኮንክሪት ከተሠሩት መጥለፊያዎች ግን በደለል የተደፈኑ አሉ፣ ምክንያቱም ያ ጎርፍ ውሃ ብቻ ሳይሆን አሸዋና ቋጥኝ ጭኖ ነው የሚመጣው፣ ይህንን ደግሞ አንድ የውሃ አባት፣ የጎርፉን ውሃ ለየማሳው የሚያከፋፍለው ሰው፣ ቢጠየቅ መሐንዲሱ ካርታውን ሳይዘረጋ ይነግረው ነበር። ሲሚንቶ ጠልቼ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ነው ያናደደኝ።

ብልሃቱ ግን ልክ አለው። በልጉ ደጋግሞ ሲቀር በሬ ይሸጣል። በሬው ከተሸጠ በሚቀጥለው ዓመት በምን ይታረሳል? ያኔ ልጁ በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ይሄዳል። እሱንም ለአየር ንብረት ለውጥ «መላመድ» ብለው የሚጽፉ አሉ። እኔ ግን አፌን ሞልቼ አልለውም።

ስለዚህ የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ ቶሎ የሚደርሰው ዘር ሰኔ ሳያልቅ ቀበሌ ይግባ። ነሐሴ የመጣ ዘር ምን ይሠራል? የምርምር ማዕከላትም ቶሎ የሚደርስ፣ አገዳም ያለው ማሽላ ላይ ይበርቱልን። መጥለፊያ ሲታሰብ የውሃ አባቶቹ ከዲዛይኑ በፊት ይጠየቁ፣ ለምረቃው ብቻ አይጠሩ። እናንተም ብትሆኑ ጋዜጠኛችሁን ሆቴል ለሆቴል ከምታዞሩት፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ሚያዝያ ላይ ቆቦ ላኩትና ገበሬው ሲያመነታ አጠገቡ ይዋል።

የቆቦ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ