በአንድ ዋንጫ የጠጡት እነማን ናቸው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በከተማችን ስለተከበረው የጥምቀት በዓል ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። መጀመሪያ ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ከዚያ ግን ሰው ሁሉ በስልኩ እየተቀባበለ «ጎጃም እኮ እንዲህ ነው፣ ሃይማኖት ያለው ሕዝብ!» ሲል ስሰማ አንጀቴ አረረ።

ስለ ከተራው፣ ስለ ዝማሬው፣ ስለ ሎሚ ውርወራው የጻፋችሁት ምንም አይወጣለትም። የእኔ ጣጣ ወደ መጨረሻው አካባቢ ካለችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። «ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ሀብታም ድሃ፣ ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም ከአንድ ማዕድ ቆርሶ፣ በአንድ ዋንጫ ጠጥቶ፣ ተመራርቆ ተለያየ» ትላለች።

ሁሉም? በአንድ ዋንጫ?

እኔ የሸማኔ ልጅ ነኝ። የእናቴ ወገኖች ደግሞ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ጎጃም ተወልዶ ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለሌላው አንባቢ ግን ልንገረው። እኛ ዘንድ ሰው «ጨዋ» እና «ባለ እጅ» ተብሎ ይከፈላል። ጨዋው አራሹ ነው፣ ካህኑ ነው፣ የሹም ዘር ነው። ባለ እጁ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸክላ ሠሪዋ ነች። «ባለ እጅ» ሲባል ሙያን ማክበር እንዳይመስላችሁ። ዞር ስንል ስማችን «ቡዳ» ነው። ዓይናችን ያረፈበት ልጅ ይታመማል ይባላል። ሌሊት ጅብ ሆነን እንወጣለንም ይባላል። (አባቴ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚዞርበት ጊዜ ቢኖረው ኖሮ የጥምቀቱን ትዕዛዝ ማን ያደርስለት ነበር?)

ዘጋቢያችሁ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም» ሊል ይችላል። እውነቱን ነው። ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ስንቆም ሁላችንም ነጭ በነጭ ነን። ማን የማን ልጅ እንደሆነ በምን ይለያል? ጸበሉም ሲረጭ ሰው አይመርጥም። መለየቱ የሚጀምረው ሰው ወደ ቤት ገብቶ ጠላው መቀዳት ሲጀምር ነው። ዘጋቢው ያን ጊዜ እንግዳ ስለሆነ ከላይኛው ወንበር ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሆኖ በሩ አጠገብ ያለውን ሰው ማየት ይከብዳል።

በሩ አጠገብ ያለውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ። አባቴ ነበር። በሰፈራችን በወር በወር የሚጠጣ ጽዋ ማኅበር አለ። አባቴ ማኅበርተኛ አልነበረም፤ ባለ እጅ እንዴት ማኅበርተኛ ይሆናል? ግን በትልልቁ በዓል ላይ ይጠራ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ እከተለዋለሁ። ከመደቡ ጫፍ፣ ንፋስ ከሚገባበት በኩል ይቀመጣል። ጠላው በዋንጫ እየተቀዳ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። እሱ ጋ ሲደርስ ዋንጫው ይዘለውና አንዲት ከንፈሯ የተጣመመ ጣሳ ትመጣለች። ከእሱ በቀር የሚጠጣባት የለም። ጠጥቶ ሲጨርስ ከሌላው ዕቃ ጋር ወደ ጓዳ አትገባም። ውሃ ፈሰስ ተደርጎባት ደጅ ምሰሶው ላይ ባለች ሚስማር ትንጠለጠላለች። ጠላው የተጠመቀበት ጋን ግን የአክስቴ የእጅ ሥራ ነው። ጋኑን የተጠየፈው ማንም የለም። አክስቴ ራሷ ጓዳ ብትገባ ግን ጉድ ይፈላል።

አንድ ጊዜ አንድ ቄስ ማኅበሩን ሊባርኩ መጥተው ይህንን አዩ። ምንም አልተናገሩም። አባቴን «እስቲ አምጣት» አሉና ጣሳዋን ተቀብለው የቀረውን ጠላ ጭልጥ አድርገው ጠጡ። ቤቱ ጸጥ አለ። በሚቀጥለው በዓል ስንሄድ ጣሳዋ እንደተሰቀለች ነበረች። የተጠሩት ቄስ ግን ሌላ ነበሩ።

እንግዲህ ነገሩን የባህል ጉዳይ ብላችሁ እንዳታልፉት። እኔ የክርስትና ጉዳይ ነው እላለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው። ቅዳሴ ላይ ሥጋ ወደሙ ስንቀበል ለባለ እጅ የተለየ ጽዋ የለም። ደሙን ለጨዋውም ለሸማኔውም የሚያቀብለው አንዱ ዲያቆን ነው፤ የሚያቀብልበትም ያው አንዱ እርፈ መስቀል ነው። ማኅበርተኛው ከአባቴ ቀጥሎ ቆርቧል። አፉን አልጠረገም፣ «ይለወጥልኝ» አላለም። ከቅጥሩ ወጥቶ ቤቱ ሲደርስ ግን ያው ሰው የጠላ ዋንጫ ይለይልኝ ይላል። አንዱን መምረጥ ነው እንግዲህ። ወይ የአባቴ ከንፈር ያረክሳል፣ ያኔ ቅዳሴው ላይ ምን ይሠራ ነበር? ወይ አያረክስም፣ ያኔ ጣሳዋ ለምን ተሰቀለች? ከቅዱስ ቁርባን ይልቅ ለጠላ የሚጠነቀቅ ክርስቲያን እኔ ሌላ ቦታ አልሰማሁም።

ቤተ ክርስቲያን ይህንን አላስተማረችም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ትክክል ነው፣ አላስተማረችም። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። መጽሐፉማ እኛን ባለ እጆቹን የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጌታን የናዝሬት ሰዎች የናቁት «ይህ ጸራቢው አይደለም እንዴ?» ብለው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ነበር የሚበላው። ቅዱስ ጴጥሮስ ኢዮጴ ሲገባ ያረፈው ከቁርበት ፋቂው ከስምዖን ቤት ነው። እግዚአብሔር ያነጻውን አታርክስ የሚለውን ድምፅ የሰማውም እዚያው ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። እስቲ አስቡት፣ የፋቂ ቤት ሰገነት ላይ! ዛሬ ጴጥሮስ ወደ ከተማችን ቢመጣ ማኅበሩ ሁለተኛ ጣሳ መግዛቱ አይቀርም ነበር። ከፋቂ ቤት ነዋ ያደረው። ስለ ጥምቀት የጻፈ ጋዜጠኛ ደግሞ ገላትያ ምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ስለ ተጠመቁ ሰዎች ምን እንደተባለ ቢያይ አይጎዳውም።

አሁን ስለ ማኅበሩ ሰብሳቢ ልምጣ። ዘገባችሁ ላይ ሰፊ ቦታ ሰጥታችኋቸዋል፤ ስለ ፍቅርና ስለ አንድነት ተናግረዋል። እኝህን ሰውዬ የተለየ ታሪክ ስላለን ነው የማነሳቸው። ጾም አይገድፉም። በየማለዳው ደጀ ሰላም ሳይሳለሙ ወደ ሥራ አይሄዱም። ይህን አላጣጥልም፤ እኔም ጿሚ ነኝ። አንድ ዓመት ለጥምቀት የሚለበስ ኩታ ከአባቴ አዘዙ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቃል። ለጥምቀት እንዲደርስ ማን እንቅልፍ እንደሚያጣ ግን የሚጠይቅ የለም። አባቴ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ ማጉን እየወረወረ፣ በኩራዝ እያመሸ አደረሰላቸው። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ዓይኑ እያለቀሰ ነበር የሚሠራው። ሰውዬው ኩታውን ወሰዱ። ሒሳቡ «ከበዓሉ በኋላ» ተባለ።

ከበዓሉ በኋላ ነነዌ መጣ። ሦስት ቀን ነው ብለን ታገስን። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። አባቴ ሄዶ ሲጠይቃቸው «ጾም ይዤ ስለ ገንዘብ ታናግረኛለህ? አትፈራም?» አሉት። 55 ቀን ቆየን። ፋሲካ ሆነ፣ በበዓል ዕዳ አይጠየቅም። በዓለ ሃምሳ አለፈና የሐዋርያት ጾም ተከተለ። ከዚያ ክረምት ገባ፣ ፍልሰታ መጣ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ዓመቱ ወይ ጾም ነው ወይ በዓል። የሸማኔ ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ካሌንደሩ ላይ የለም።

አባቴ ያንን ገንዘብ ሳያገኝ አረፈ። ሰውዬው ለቅሶ መጥተው ነበር። ያንኑ ኩታ ለብሰው። ጥለቱን እንደ ወጉ ወደ ላይ አድርገው።

«ይሄማ የአንድ ሰው ክፋት ነው» ትሉኝ ይሆናል። ዕዳውስ የአንድ ሰው ይሁን። የእህቴስ? ታናሽ እህቴን አንድ ጥሩ ልጅ ወደዳት። አብረው ሰንበት ትምህርት ቤት ያገለግሉ ነበር። ሽማግሌ ተላከ፣ ቀን ተቆረጠ። ከዚያ የልጁ ዘመዶች አጥንት ማጥራት ጀመሩ። ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ የአባቴን ሙያ ማንም ያውቀዋል። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። «ልጅቷስ ምንም አይወጣላትም፣ ጠባየ መልካም ናት፣ ቆራቢ ናት። ነገሩ አጥንቱ ነው» አሉ። ከመካከላቸው አንዱ መስቀል ጨብጠው ነበር። ሲወጡም እንድንሳለም ዘረጉልን። እናቴ ተሳለመች። እኔ አልተሳለምኩም፤ እስከ ዛሬ በዚህ ትቆጣኛለች።

ይህ የድሮ ነገር ነው፣ አሁን ቀርቷል የሚሉም አሉ። ብዙ ጊዜ የሚሉት ጨዋዎቹ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ ሰው በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም ነው። ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም እየጠቀሱ ነው ያስነገሩት። በ1967 ዓ.ም ደግሞ መሬት ለአራሹ ሲባል ርስት ያልነበረው ባለ እጅም መሬት ደረሰው። አዋጅ መሬት ማካፈል ይችላል። ዋንጫ ማካፈል ግን አልቻለም። ዋንጫው የመንግሥት ሥራ አይደለማ፤ የሃይማኖተኛው ሥራ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ። ዛሬም ልጆች ሲጣሉ የመጨረሻዋ ስድብ የትኛዋ እንደሆነች በጆሮዬ እሰማለሁ። ከየት አመጧት? ከቴሌቪዥን አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ የቡዳው ነገር የተፈተነበት መንገድም አለ። ሀገራችን የቅኔ ሀገር ነው፤ ዋሸራን ጎንጅን የማያውቅ የለም። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ እኛም ደጅ ይቆም ነበር። እናቴ ያላትን ቁራሽ ትሰጠዋለች፣ እዚያው ቆሞ ይበላል። እሷም ሲበላ ቆማ ታየዋለች፣ ልጅ ሲበላ ማየት ትወዳለች። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ዛሬ የተከበሩ መሪጌታ ናቸው። ጤናቸው የተሟላ ነው፣ ዕድሜ ይስጣቸው። ዓይናችን ይበላ ቢሆን ኖሮ ከተማው አንድ ሊቅ ያጣ ነበር።

ወደ ዘገባው ልመለስ። አራት ሰዎች አነጋግራችኋል። የማኅበሩን ሰብሳቢ፣ ከባህልና ቱሪዝም የመጡ ኃላፊ፣ ለበዓሉ ከአዲስ አበባ የመጣ ተወላጅ፣ አንድ የውጭ ሀገር ጎብኚ። ፈረንጁ ስለ አንድነታችን መሰከረ። ከፈረንጁ ይልቅ ስለ ማዕዱ የሚያውቅ ሸማኔ ግን ከተማው ውስጥ አልተገኘም። ከፊት ገጽ ያለው ፎቶ ሥር «በሀገር ባህል ልብስ ያጌጡ ምዕመናን» ብላችኋል። በስተግራ ያለችው ሴትዮ የለበሰችው ቀሚስ ጥለት የአጎቴ እጅ ነው፤ ሳየው ነው የለየሁት። እሱ ፎቶው ውስጥ የለም። ዘገባውም ውስጥ የለም። በበዓሉ ቀን ግን ከተማውን በሙሉ ያለበሰው እሱና እሱን የመሰሉ ናቸው። ካህናቱ የለበሱትን ጥንግ ድርብ፣ ያዜሙበትን ጸናጽል፣ የከበሮውን ቆዳ ማን እንደሠራው ብትጠይቁ የተለየ ዘገባ ይወጣችሁ ነበር።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። «ሁሉም በአንድ ዋንጫ ጠጣ» የምትለዋን አርሙ። እርማቱን እንደ ልማዳችሁ ከሐራጅ ማስታወቂያ ሥር እንዳትደብቁት፣ ዘገባው የወጣበት ገጽ ላይ አድርጉት። በሚቀጥለው ዓመት ዘጋቢ ከላካችሁም ሲደገስ ከበሩ በኩል ይቀመጥ። የባለ እጆችን ሰፈር የሚያሳየው ቢያጣ ገበያ መሀል ቆሞ «ሸማ የት ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ። መንገዱን ሁሉም ያውቀዋል፤ በጥምቀት ሰሞን ማንም ሳይመጣ አይቀርም።

ስሜን ግን አታውጡት። ፈርቼ አይደለም። ሌላ እህት አለችኝ፣ እሷንም ሊጠይቁ ሽማግሌ ይመጣል እየተባለ ነው።

አንድ አስተማሪ
ከምሥራቅ ጎጃም