ከኮምፒውተር ላብ እስከ አሞራ ገደል፦ የፕሮግራሚንግ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

«የእናንተ ልጆች ጌም ሲጫወቱ ነው የሚውሉት» ሲባል ሰምቻለሁ። አይደለም፤ ጌም እየሠሩ ነው።

መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፣ ተጠሪ መረጥን፣ ሐሙስ ሐሙስ ተገናኘን። ኅዳር ላይ የሐዋሳ ሐይቅን የዓሣ ማጥመድ ጌም ሲ ሻርፕ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀመርን። ሲ ሻርፕ የክላስ ስም በራሳችን ፊደል ይቀበላል። «ዓሣ» የሚል ክላስ፣ ማለትም የአንድ ዓይነት ነገር ንድፍ፣ ሠራን፤ «ቆሮሶ» እና «አምባዛ» ከሱ ወረሱ።

ከዚያ አንድ ኧረር ሳምንታት ገተረን። «አጥምድ» የሚለው ሜተድ (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) የያዘውን የሚያወጣው በአውት ፓራሜትር ነው፤ ማለትም የተሰጠውን ቫሪያብል ራሱ ይሞላዋል፤ ታይፑ ዓሣ ነው። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የቆሮሶ ቫሪያብል ሰጠችው። ኮዱን የሚፈትሸውና የሚተረጉመው ኮምፓይለር እምቢ አለ። «ቲቸር፣ ቆሮሶ ዓሣ አይደለም እንዴ? ‹መዝን› ሲሰጡት ዝም ብሎ ይቀበል የለ!» «መዝን» ዓሣ ተቀብሎ የሚመዝነው ሌላው ሜተዳችን ነው። ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ባስረዳትም አልተዋጠላትም።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወረድን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። አንድ አዛውንት አጥማጅ መረባቸውን ሲዘረግፉ ልጅቷ ጠጋ አለች። «ጋሼ፣ ለቆሮሶ ብቻ የሚሆን ዕቃ ይዘው አይገቡም?»

«ምን እንደሚወጣ በምን አውቄ ልጄ? ሁሉንም ባንድ ላይ አመጣና እዚህ እለየዋለሁ።»

እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ከፈተች። «ወደ መዝን የሚገባው ቆሮሶ፣ ዓሣ መሆኑ የታወቀ ነው። ከአጥምድ የሚወጣው ግን አምባዛም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በዓሣ ተቀበል፤ ከዚያ ቆሮሶ መሆኑን ጠይቅ።» አንብቤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ደግሞ «ከዓሣ የሚሰፋ፣ ማንኛውንም ነገር የሚይዝ የኦብጀክት ቫሪያብል ብሰጠውስ?» አለች። ሲ ሻርፕ እሱንም አይፈቅድም፤ አውት ላይ ታይፑ ያው ራሱ መሆን አለበት። ሜተዱ የሚጽፈው ቅጂ ላይ ሳይሆን ቫሪያብሉ ራሱ ላይ ነው። ሜተዱ ዓሣ አለበት ብሎ በሚያምነው ቦታ ሌላ ኮድ ድንጋይ ሊያስቀምጥበት ይችላል። ይህን በራሷ ጠይቃ የደረሰችበት የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት።

ጌሙ ለወላጆች ቀን አልደረሰም። መብራት በጠፋ ቁጥር ሴቭ ያልተደረገ ሥራ አብሮ ይጠፋል፤ በአንድ ኮምፒውተር አራት ልጅ ይቀመጣል። ለማልያና ለኳስ በየዓመቱ በጀት ይገኛል፤ ደስ ይለኛል፣ ይገባቸዋልም። እኛም ግን ክበብ ነን።

ከወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) የምንጠይቀው ሁለት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የላቡ ቁልፍ ይሰጠን እንጂ የእረፍት ቀኔን እኔ እሰጣለሁ። የአምባዛው ክፍል ገና አልተሠራም።