ሐሙስ ገበያ የማትወጣው ሴት

ጅማ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እናቴ፦

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር በጣም ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤ ያለዚህ አይጀመርም ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይኸው አልረሳሁም። ዓይንሽ እስኪጠና የልጅ ልጅሽ ታነብልሻለች። አንቺ አንባቢዋ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። መሀል ላይ ጠንከር ያለ ነገር አለ፤ እዚያ ስትደርሺ እንዳትዘዪ።

ሞራው ከተገፈፈልሽ ሦስት ሳምንት ሞላው አይደል? ጠብታውን በሰዓቱ ያድርጉልሽ። ጭስ አጠገብ አትቀመጪ። ቡናውን እነሱ ይቁሉት፣ አንቺ መርቂ።

ጅማ ያው ጅማ ናት። ይዘንባል። አዌቱ ደፍርሶ ይጋልባል። የጓሮው አቮካዶ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የጎረቤት አጥር ላይ ወድቆ ነበር፤ ይቅርታ ጠይቄ አጥሩን አሠራሁት። መብራት ሲሄድ ሻማ አብርቼ ልብ ወለድ አነባለሁ። «ዛሬም ውሸት ታነቢያለሽ?» ስትይ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።

ስለዚያ ውሸት ነው ልጽፍልሽ የተነሳሁት።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ትዝ ይልሻል? እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ቡናሽ ምጣድ ላይ ነው። መቁያውን እንደያዝሽ እጅሽ አየር ላይ ቀረ። ቡናው አረረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ አንቺ ለሰብለ ወንጌል እንባሽን ታወርጂያለሽ። አባዬ ገብቶ «ምን ሆነሻል?» ሲልሽ «ጭሱ ነው» አልሽው። በማግስቱ እኔ መጽሐፍ ይዤ ስታዪኝ ግን «ልብ የወለደው ነገር ምን ይረባሻል፣ ትምህርትሽን አጥኚ!» ብለሽ ቀማሽኝ። ይኸው አርባ ዓመት ያለፈው ጥያቄ፦ ውሸት ከሆነ ለምን አለቀስሽ?

አሁን የምወዳቸው መጻሕፍት አንድ ዓይነት ናቸው። አንዲት የዛሬ ሴት አለች። የሆነ አሮጌ ዕቃ እጇ ይገባል። ከዚያ ታሪኩ ሰማንያ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ይሄድና አያቷን ልጃገረድ ሆና እናገኛታለን። አንዱ ምዕራፍ ለልጅ ልጅ፣ ቀጣዩ ለአያት። የልጅ ልጅየዋ የአያቷን ምሥጢር አታውቅም። አያትየዋ ደግሞ ወደፊት ምን እንደሚመጣባት አታውቅም። ሁለቱንም የማውቀው እኔ አንባቢዋ ብቻ ነኝ። አንዳንዴ ገጹን ይዤ «አንቺ ሴት፣ በዚያ መንገድ አትሂጂ!» ልል ይቃጣኛል። ከሞተች ስንት ዘመኗ!

ደስ የሚለኝ ይሄ ነው መሰለኝ። አያት ማለት ለእኛ ስትወለድም አሮጊት የነበረች ሴት ናት። መጽሐፉ ውስጥ ግን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትሮጣለች፣ ትዋሻለች፣ ገንፎ ሰርቃ ትቀጣለች።

የማልወድላቸውም አለ። ሁልጊዜ ሰንዱቅ ይከፈትና ደብዳቤ ይገኛል። ደብዳቤው ሁሉን ይናገራል። እኛ ቤት ያለውን ሰንዱቅ ከፍቼ ያገኘሁት የግብር ደረሰኝና የብል መድኃኒት ነው። ደግሞ አንዱ ደራሲ፣ ስሙን አልጠራም፣ በአባ ጅፋር ዘመን ከጅማ በጠዋት ተነስቶ ማታ አዲስ አበባ የሚገባ ነጋዴ ጽፏል። በበቅሎ! እኛ ዛሬ በአስፋልት ሄደን ስንደርስ ወገባችን ተቆርጦ ነው።

ትምህርት ቤት የተማርኩት ታሪክማ ዓመተ ምሕረት ነበር። አባ ጅፋር ዳግማዊ ጅማን ከ50 ዓመት በላይ ገዙ። ለምኒልክ በሰላም ገብረው ግዛታቸውን አቆዩ። ጣሊያን በ1928 ገባ፣ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት፤ በሰኔ 1933 ከእጁ ወጣች። ሁሉም ልክ ነው፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። ግን በዚያ ሰኔ የእኛ ቤት ሰዎች ምን በሉ? ማን አለቀሰ? ይሄን የሚነግረኝ አንድ ገጽ አልነበረም።

አሁን ጠንከር ወዳለው ልምጣ።

አራተኛ ክፍል እያለሁ ዘራችሁን ቆጥራችሁ ኑ ተባልን። የሰፈራችን የኦሮሞ ልጆች አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ እስከ ሰባት ቤት እንደ መዝሙር ያንበለብሉታል። እኔ በአባዬ በኩል አምስት ደረስኩ። በአንቺ በኩል ሦስተኛዋ ላይ፣ ያንቺ አያት ትልቋ እማማ ጋ፣ ቆምን። «አባቷ ማነው?» አልኩሽ። «ሦስት ይበቃል፣ ሂጂ ውኃ ቅጂ» አልሽኝ። ባልዲው ሙሉ ነበር እማዬ።

ካንቺ አፍ ያመለጡ ሦስት ነገሮች አሉ። በተለያየ ዓመት ነው ያመለጡሽ፣ ለዚህ ነው ያላስተዋልሻቸው።

አንደኛ፣ ትልቋ እማማ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ አትወጣም ነበር ብለሽኛል። ጨው ቢያልቅ እንኳ ሰው ትልካለች እንጂ በሂርማታ ገበያ በኩል አታልፍም። አንቺ «ስለት ይሆናል» ብለሽ ተውሽው።

ሁለተኛ፣ ደረሰኙ ላይ የአባቷ ስም ተብሎ የተጻፈው የወለዳት ሰው ስም አይደለም። «ያሳደጓት ሰውዬ ናቸው» አልሽኝ። ከየት አምጥተው እንዳሳደጓት አልነገርሽኝም።

ሦስተኛው ይቆይ።

ባለፈው ሰኞ ወደ ጅሬን ወጥቼ ነበር። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ሥር ትንሽ ቆምኩ፣ ከዚያ ኮረብታው ጫፍ ላይ ሆኜ ወደ ታች አየሁ። ጅማ ወለል ብላ ትታያለች። ድሮ ከተማው እዚያ ታች አልነበረም፤ ገበያው ነው የነበረው። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ። የሲራራ ነጋዴ ከየአቅጣጫው እዚያ ይገናኛል። ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ይሸጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር። ይሄ የተጻፈ ታሪክ ነው እማዬ፣ ልቤ የወለደው አይደለም። በ1889 ከፋ ሲዘመት ስንቱ ተማርኮ እንደተነዳም ተጽፏል። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ነው፤ ያኔ ትልቋ እማማ አያትን ወልዳ ያሳደገች ትልቅ ሴት ነበረች።

ሐሙስ ምን እንደሆነ የገባኝ ግን ከታሪክ መጽሐፍ አይደለም። አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ልጅ ሆና የተሸጠች አሮጊት አለች፤ ልጆቿ «ለምን በዚያ መንገድ አትሄጂም?» ሲሏት ስለ ጭቃው ታወራለች። መጽሐፉን ዘጋሁት። ሻማው እስኪያልቅ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ታውቂያለሽ፣ ከአማርኛ ልብ ወለዶች የመጀመሪያው የሚባለውም ስለዚህ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ሮም ያሳተሙት። በጦርነት ተማርኮ የተሸጠ አባት አለ፣ ልጁ ደግሞ በባሪያ ፈንጋይ እጅ ይወድቃል፣ እህትየዋ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። ርዕሱም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። አንቺ እንደ ስድብ የምትጠሪው ቃል ገና ከመነሻው የጠፋ ሰው ፍለጋ ነበር።

ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ልብ ወለድ ያበዛ ሰው የገዛ ቤቱ ውስጥ ምሥጢር መፈለግ ይወዳል። ምናልባት ትልቋ እማማ ጫጫታ ትጠላ ነበር፣ ወይም የጨው ነጋዴው ዕዳ ነበረባት። ልክ ብሆንም አልፈርድብሽም። አንቺ ስታገቢ የአባዬ ዘመዶች አጥንት ሲቆጥሩ እንደነበር አክስቴ ነግራኛለች። ያኔ «ያሳደጓት ሰውዬ» ባትዪ እኔ አልወለድም ነበር። አሁን ግን ሁላችንም አግብተናል፣ ወልደናል። የሚመጣ ሽማግሌ የለም።

ልጆቹ ቢሰሙስ ትያለሽ። አንዷ እያነበበችልሽ ነው። ፊቷን እይ እስቲ።

ቤቱን ሳጸዳ ከማድቤት በር ኋላ የትልቋን እማማ በርጩማ አገኘሁት። ባለ ሦስት እግሩን፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን። አንዱን እግሩን አባዬ በሽቦ ያሰረው እስካሁን አለ። ገልብጬ አየሁት፤ ምንም አልተጻፈበትም። መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ ይጻፍበት ነበር። ጥቀርሻውን በእርጥብ ጨርቅ ስጠርግለት ግን መቀመጫው እኩል እንዳላለቀ አየሁ። የግራ ጎኑ ጎድጉዷል፣ ለስልሷል፣ የቀኙ ገና የመጥረቢያው ምልክት አለበት። ለዓመታት ወደ ግራ አዘንብላ ትቀመጥ ነበር ማለት ነው። እኔም ተቀመጥኩበትና ወደ ግራ አዘነበልኩ። ክንዴ ሳላዘው ሕፃን እንደሚያቅፍ ታጠፈ።

ሦስተኛው ነገር ይሄው። ትልቋ እማማ አንቺን ስታስተኛሽ የምትለው እሹሩሩ ቃሉ አማርኛም ኦሮምኛም አልነበረም ብለሽኛል። አንድ ቀን ልብስ እያጠብሽ ስታንጎራጉሪው ሰምቼ ነው የጠየቅኩሽ። ወዲያው ዝም አልሽ። እኔ ዜማው ጠፍቶኛል፤ አንቺን ግን አይጠፋሽም፣ እጅሽ በሳሙና አረፋ ውስጥ ሆኖ እንኳ መጥቶልሽ ነበር።

ለልጅቷ ስልኳ ላይ እንዴት እንደሚቀዳ ነግሬያታለሁ። ቃሉ ቢጠፋሽ ዜማውን ብቻ በይው። አንድ ቃል እንኳ ከመጣልሽ ደግሞ እንደመጣ በይው፣ አታስተካክዪው። እኔ መሥሪያ ቤት የዳውሮ ልጅ አለች፣ የከፋ ልጅ አለ፣ የየም ልጅ አለ። በየተራ አሰማቸዋለሁ። አንዳቸው «ይሄ የኛ ነው» ካሉኝ እደውልልሻለሁ። ካላሉም እደውልልሻለሁ።

ሁለት ኪሎ የታጠበ ቡና በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ፣ አልተቆላም። በርጩማውንም ልልከው ብዬ ነበር፣ ሹፌሩ ቦታ የለም አለኝ። እዚሁ መስኮቱ ሥር ይቆይሽ።

ልጅሽ