ብርቅዬ ቀለም ለምታራቡ አባላት

ውድ አባላት፣

ወፎቻችሁን ከማጣመራችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

ብዙዎቻችሁ የምትፈልጉት ሉቲኖ የሚባለውን ባጅሪጋር (ትንሽ የበቀቀን ዓይነት) ነው። ቢጫ ላባ፣ ቀይ ዓይን። ቀለሙ የሚወረሰው ከፆታ ጋር ተያይዞ ነው። ሴቷ ደብቃ ልትይዘው አትችልም፤ ካላት ይታይባታል። ወንዱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ሊሸከመው ይችላል። ስለዚህ «ውስጧ ሉቲኖ አለ» እየተባለ አረንጓዴ ሴት በውድ እንዳትገዙ! ሉቲኖ ወንድ ከአረንጓዴ ሴት ጋር ሲጣመር ሴት ጫጩቶቹ ሁሉ ሉቲኖ ይሆናሉ። ወንዶቹ ደግሞ አረንጓዴ ተሸካሚዎች ናቸው። ሉቲኖዎቹን ላባ ሳይወጣ እንኳ መለየት ይቻላል፤ ባልተገለጠው የዓይን ቆዳ ስር ጥቁር ሳይሆን ቀላ ያለ ነገር ይታያል። እኔ ይህን ማየት አይሰለቸኝም።

የባጅሪጋር ሰማያዊ ቀለም ግን ከሁለቱም ወላጆች መምጣት አለበት። ሁለት ተሸካሚዎች ቢጣመሩ በአማካይ ከ4 ጫጩት 1 ሰማያዊ ይሆናል። በአንድ ዙር ምንም ላይወጣ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ።

ካናሪ የምትባለው ዘማሪ ወፍ ያላችሁ፣ ጉትዬ ያላቸውን እርስ በርስ አታጣምሩ። የጉትዬውን ጂን ከሁለቱም ወገን የወረሰ ጽንስ አይተርፍም። አንደኛው ጉትዬ የሌለው ይሁን።

እህትና ወንድም ማጣመሩ ግን እባካችሁ ይቅር። ቀለሙ ቶሎ ይወጣል፣ ጫጩቶቹ ግን እየደከሙ ይሄዳሉ። ጠንካራ የሆነ ተራ አረንጓዴ ወፍ አስገቡ። አንድ ትውልድ ያዘገያችኋል፣ ቢሆንም ያዋጣል።

እያንዳንዱን ጫጩት የእግር ቀለበት አድርጉለት፤ የወላጆቹንም ቁጥር መዝግቡ። ወፍ ስትለዋወጡ መዝገቡን አብራችሁ ስጡ።