ኦሪቱን አትጥረጊው፣ ስፌቱን አትጠቢው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ለቤተ እስራኤል ሙዚየም ዕቃ መረከብ ልትጀምሪ ነው ስላልሽኝ፣ በስልክ ሲነገር የሚረሳውን በጽሑፍ አድርጌልሻለሁ።

ከኦሪቱ ልጀምር። የእኛ ኦሪት እንደሌሎች አይሁድ ጥቅልል አይደለም፤ በእንጨት ገበታ የተጠረዘ የግዕዝ ብራና ነው። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን የገለበጧቸው ክርስቲያን ጸሐፍት ናቸው። ስለዚህ መግቢያው ላይ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» የሚለው ተፍቆ፣ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ተጽፎበት ልታገኚ ትችያለሽ። ይህን ያላወቀ መዝጋቢ «የመጀመሪያው ገጽ ተጎድቷል» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። እንዲያውም ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ያ የተፋቀ ቦታ ነው፤ መጽሐፉ የማን እንደነበረና የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ክፍሉን አጨልሚና ባትሪውን ከገጹ ጎን ዝቅ አድርገሽ አብሪ። የቢላው መንገድ ጥላ ሲጥል ያን ጊዜ ፎቶ አንሺው። ጠጋኝ ገጹን «ላስተካክለው» ካለሽ እሺ እንዳትዪ።

ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻ የተሠራ ነው። ብረት ያለበት የአውሮፓ ቀለም ቆዳውን እንደሚበላው አይበላም፤ ከላዩ ስለሚቀመጥ ግን እርጥብ ጨርቅ ሲነካው ይለቃል፣ ገጹ ሲጣመም ይላጣል። የጥጥ ጓንት ይቅርብሽ፤ ጣትን ያደነዝዝና ጠርዙን ያስቀድዳል። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ በደንብ ማድረቅ ይበቃል። የማከማቻው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን። ከ30 በታች ሲወርድ ብራናው ይኮማተራል፣ ከ65 ሲያልፍ ሻጋታ ያበቅላል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን መዋዠቁ ነው። መብራት ለመቆጠብ ማታ ማታ ኤሲ የሚያጠፋ አስተዳዳሪ ከብል ይብሳል።

አንዳንድ የቤተ እስራኤል ቄስ ኦሪታቸውን አልሰጥም ይሉሻል። እውነት አላቸው፤ ለእሳቸው የሚነበብ መጽሐፍ እንጂ የመስታወት ሣጥን ጌጥ አይደለም። ስጦታ አትጠይቂ፤ የአደራ ውል አቅርቢላቸው። ባለቤትነቱ የቤተሰቡ ሆኖ ይቆይ፣ ለሲግድ በዓላችን እንደሚወጣም በውሉ ላይ ይጻፍ። ሲግድ በዕብራውያን ወር በኅሽቫን 29፣ ከማስተሥረያው ቀን ከዮም ኪፑር በ50ኛው ቀን ነው። ኖቬምበር አካባቢ ስለሚውል ኢየሩሳሌም ላይ ዝናብም ፀሐይም ሊገጥመው ይችላል። ከመውጣቱ በፊት ገጹን በሙሉ ፎቶ አንሺ። ግድግዳው ጠንካራ በሆነ፣ ውስጡ ፎም በተነጠፈበት ሣጥን ይሂድ፤ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ግን አይግባ። ሲመለስ ሣጥኑን ወዲያው አትክፈቺ፤ እንደተዘጋ 24 ሰዓት ማከማቻው ውስጥ ይደር፣ ብራናው አየሩን ቀስ ብሎ ይልመደው።

መሶቡ፣ ሌማቱ፣ ሙዳዩ፣ ጥጥ ልብሱም ተባይ ይዘው ይመጣሉ። ሳይፈተሹ ከሌላው ጋር አይቀላቀሉ። እያንዳንዱን በፕላስቲክ ከረጢት አየሩን አውጥተሽ አሽጊና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዪው። ስታወጪው እንደታሸገ አንድ ቀን ተዪው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከረጢቱ ቶሎ ከተከፈተ ጠሉ ስንደዶው ላይ ያርፍና ከተባዩ ያዳንሽውን ለሻጋታ ትሰጪዋለሽ። አለላው ቀለሙን እንዳይለቅ መብራቱ በብርሃን መለኪያ ከ50 ሉክስ አይለፍ፣ ውኃም አይንካው። እንጀራ የነካው ወዝ ከሥሩ ቢታይ ይተው፤ መሶቡ መሶብ የሆነው በሱ ነው።

ሸክላው ፍሪዘር አይግባ። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ የምትታወቅባቸው ትንንሽ ምስሎች በእንጨት እሳት ለስለስ ብለው የተተኮሱ ስለሆኑ አንገታቸውና ክንዳቸው ቶሎ ይለቃል። ከታች በሁለት እጅ እንጂ ጭንቅላታቸውን ይዘሽ አታንሻቸው። የተሰበረው የሙዚየም ጠጋኞች በሚጠቀሙበት ማጣበቂያ፣ በፓራሎይድ ቢ-72 ይጣበቅ፤ በአሴቶን መልሶ ይፈታል። የሱቅ ሱፐር ግሉ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ ለጎብኚ ገበያ የተሠሩ ናቸውና መግለጫው ላይ «ጥንታዊ የአምልኮ ምስል» የሚል እንዳይለጠፍባቸው። ሴቶቹ ሠርተው ሸጠው ልጅ ያሳደጉበት መሆኑ አያንስም።

የመዝገብ ቁጥር በእስክሪፕቶ አይጻፍ። ስፌት ላይ በጥጥ ጥብጣብ ተጽፎ ይታሰር፤ ብራና ላይ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል፤ ሸክላ ላይ መጀመሪያ ስስ ፓራሎይድ፣ ሲደርቅ ቁጥሩ፣ ከዚያ በላዩ ሌላ ስስ ፓራሎይድ።

ዘመን ላይ ተጠንቀቂ። አንዲት እናት «በ1983 መጣሁ» ካሉሽ በፈረንጅ 1991 ማለታቸው ነው። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. የዘመቻ ሰሎሞን ቀን ነው፤ በ36 ሰዓት ገደማ 14,325 ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተጓዘበት። «1983» ብለሽ ብቻ ከመዘገብሽው ነገ የሚያነበው ሰው በፈረንጅ 1984 መጨረሻ ከተጀመረው ከቀደመው ጉዞ፣ ከዘመቻ ሙሴ በፊት ያመጣቸዋል። የሰጡሽን እንዳለ ጻፊ፣ አጠገቡ የፈረንጁን። ስሙም እንደዚሁ፦ የኢትዮጵያው፣ የአባትና የአያት፣ ከዚያ መታወቂያው ላይ ያለው የዕብራይስጡ። አንዱ ከጎደለ የልጅ ልጅ መጥታ አያቷን ፈልጋ አታገኝም። መንደሩን «ጎንደር» ብለሽ አትለፊው፤ የቅርብ ገበያው የት ነበር ብለሽ ጠይቂ።

«ፈላሻ» የሚለውን የንቀት ቃል መግለጫ ላይ አታውጪ። ከፍለጋ ማውጫው ግን አታጥፊው፤ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የድሮ ዝርዝር የተጻፈው በሱ ስለሆነ፣ ካጠፋሽው እዚያ ያለው ንብረታችን ይሰወርብሻል።

ካሴት ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ከማጫወትሽ በፊት ከላይ ያሉትን ሁለት ጥርሶች ስበሪ፣ በስሕተት እንዳይቀዳበት። መጀመሪያ የምትሰሚው እየገለበጥሽ ይሁን፤ ያረጀ ክር ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል። ቅጂው ሦስት ይሁን፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ።

የፍሪዘሩን ሙቀት የሚለካ ሁለተኛ ቴርሞሜትር ግዢ። በሩ ላይ ያለው ብዙ ጊዜ ይዋሻል።

አባትሽ